የጣና ጀልባ የውኃ ውስጥ ብረቶች፦ አሮጌውን ቀለም ማንሳትና አዲሱን መቀባት

ስለ ጀልባ ቀለም የተጻፈው አብዛኛው መመሪያ ለባሕር ነው። ባሕር ላይ ዋናው ጠላት ባርናክል የሚባለው ብረት ላይ ተለጥፎ የሚደርቅ ቅርፊታም ፍጥረት ነው። ጣና ጨው የሌለው ውኃ ስለሆነ እሱ እዚህ የለም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ቁንዝላ ወይም ወደ ደቅ የሚመላለስ ጀልባ ወጥቶ ሥሩ ሲታይ የሚገኘው ዝልግልግ አልጌ፣ ግልገል አባይና ሌሎቹ ገባሮች በክረምት የሚያመጡት ደለል፣ ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር፣ ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ዝገት ነው። ዝገት እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ቀለሙ ከላይ ደህና መስሎ ላሜራው ከሥር ያልቃል።

ስለዚህ ጣና ላይ ገንዘብም ጉልበትም መዋል ያለበት በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ከሥር በሚቀባው ኢፖክሲ፣ ማለትም ቀለሙና ማጠንከሪያው ከሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ቀለም፣ እና በአኖዱ፣ ማለትም ሌላው ብረት እንዳይበላ በእሱ ፋንታ እየተበላ በሚያልቀው የታሰረ ብረት። አንቲፋውሊንግ የሚባለው ተጣባቂ የሚከላከለው ቀለም ከላይ የሚደረብ ቀጭን ሽፋን ነው፤ ለብዙ ጀልባ ባይኖርም ችግር የለውም። አንዳንዱ ብረት ላይ ደግሞ ጭራሽ መቀባት የለበትም።

ብረቱን መለየት

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔትና ቢላ ይዛችሁ ከጀልባው ሥር ግቡ። ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ተራ ብረት ነው፤ የላሜራ ጀልባ አካል፣ መሪውና የሻፍቱ መደገፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይሠራሉ። ማግኔት የማይዘው ወይም በጭንቅ የሚይዘው የሚያብለጨልጭ ዘንግ ስቴንለስ ነው። ፕሮፔለሩን በቢላ ጫፍ ጫር አድርጉት፤ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ነሐስ፣ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። ነጣ ያለ፣ ቀላልና ቢላ በቀላሉ የሚበላው አሉሚኒየም ነው። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠሉት ሞተሮች እግራቸው አሉሚኒየም ነው።

ይህ የሚያስፈልገው ቀለሙ እንደ ብረቱ ስለሚለያይ ነው። አብዛኛው አንቲፋውሊንግ የመዳብ ኦክሳይድ አለበት። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ውስጥ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በቀለሙ ጭረት በኩል ይጀምርና ነጭ ዱቄት እያወጣ ጉድጓድ ይሠራል። የሞተር አምራቾች መመሪያ መዳብ ያለበትን ቀለም የሚከለክለው ለዚህ ነው።

የሚቀባውና የማይቀባው

የላሜራው አካል፣ መሪውና መደገፊያው ይቀባሉ። ፕሮፔለሩ እንደ ፍላጎት ነው። የምላሱ ጫፍ ላይ የሚፈጠረው አረፋ ማንኛውንም ቀለም ስለሚያራግፍ በየቀኑ ለሚሠራ ጀልባ ፕሮፔለሩን በ120፣ በ240፣ ከዚያ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ባዶውን መተው ይሻላል። ለስላሳ ነሐስ ላይ አልጌ ቢይዝም ሞተሩ ሲነሳ አብዛኛው ይሄዳል። ለሳምንታት ቆሞ የሚከርም ጀልባ ከሆነ ግን መቀባቱ ያዋጣል።

ስቴንለስ ሻፍት ኩሽኔታው ውስጥ የሚሽከረከርበት ክፍል ፈጽሞ አይቀባም። ቀለሙ የኩሽኔታውን ጎማ ይፍቀዋል፤ ከዚያም በላይ ስቴንለስ ሳይዝግ የሚኖረው ኦክስጅን ሲያገኝ ስለሆነ በተሰነጠቀ ቀለም ሥር ታፍኖ ሲቀር በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጉድጓድ ያወጣል። አኖዶች፣ የግሪስ መግቢያዎችና የጥልቀት መለኪያው ፊትም አይቀቡም። የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያ ወንፊት ቀለም ሲደራረብበት ቀዳዳው ይጠባል፤ ሞተር ሲግል ምክንያቱ እዚያ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ለተንጠልጣይ ሞተር ከሁሉ የሚሻለው አንቲፋውሊንግ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ጀልባው ሲቆም ሞተሩን ከውኃ በላይ ማንሳት። የተጫረውን ብቻ አጽድቶ ለአሉሚኒየም በተሠራ ፕራይመር (ከሁሉ በፊት በሚቀባ ቀለም) እና በፋብሪካው ቀለም መንካት ይበቃል።

መቼና የት

ባሕር ዳር ላይ የቱሪስቱም የተሳላሚውም ጉዞ እስከ ጥምቀት ይበረታል፤ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ጊዜ ለቀለም የተመቸ ነው። የዓሣ ጀልባ ከሆነ ሁዳዴ የዓሣ ገበያ የሚደራበት ስለሆነ ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ መግቢያ ያለውን ተጠቀሙበት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሐይቁ ከሁሉ ዝቅ ይላል፤ ጀልባውን በጭቃ ላይ መጎተት ይከብዳል፣ ዝናቡም ይደርሳል።

ከማውጣታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን እዩ። የእምቦጭ ሥር ወይም ቅጠል ካለ አውልቃችሁ ከዳርቻው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ አስጡት። እምቦጭ ጣና ላይ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ከዳር ዳር የሚሻገርበት አንዱ መንገድ ጀልባ ነው።

ጀልባው የሚያርፍበት ቦታ ዝናብም ሆነ የእጥበት ውኃ ወደ ሐይቁ የማይፈስበት መሆን አለበት። ጣና የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ግን ያ ባይኖርም ሰው የሚጠጣው፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የበርቡስ ዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ውኃ ነው። መዳብ ለስላሳና ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ለዓሣና ለጥቃቅን ነፍሳት ከባሕር ይልቅ ይከፋል። ከሥር ሰፊ የፕላስቲክ ሸራ አንጥፉ፤ ጠርዙን በእንጨት ወይም በአሸዋ ጆንያ ከፍ አድርጉት። ጀልባውን በግንድ ስትደግፉ ድጋፎቹ በኋላ ሊዘዋወሩ በሚችሉበት ቦታ ይሁኑ፤ ከሥራቸው ያለው ላሜራም መቀባት አለበትና።

ዕቃና መጠን

አንድ ሊትር ቀለም ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ለማወቅ ጣሳው ላይ ያለውን የጠጣር መጠን በመቶ ውሰዱ፤ በ10 አባዙት፤ በምትፈልጉት የደረቅ ውፍረት በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) አካፍሉት። ጠጣሩ 50 በመቶ የሆነ ኢፖክሲ በ100 ማይክሮን ሲቀባ 5 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መሪ በሁለቱ ፊት ወደ 1 ካሬ ሜትር ነው፤ መደገፊያው 0.3፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕሮፔለር ደግሞ 0.2 ገደማ ቢሆን ድምሩ 1.5 ይሆናል። ሦስት ዙር ሲቀባ 4.5 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 0.9 ሊትር፤ በብሩሽና በጣሳ የሚቀረውን 30 በመቶ ጨምሩና 1.2 ሊትር ያዙ። አንቲፋውሊንግ ለሁለት ዙር ከግማሽ ሊትር በታች ይበቃል።

ሙሉ የላሜራ አካል ከሆነ የውኃ መስመሩን ርዝመት በስፋቱና በጥልቀቱ ድምር አባዙ። 10 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጀልባ 36 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህ ለሰፊ ሆድ ነው፤ ሹል ለሆነው ሩቡን ቀንሱ።

ሌላው ዕቃ ይህ ነው፦ 60፣ 80 እና 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ጠርዙ በሞረድ የተሞለለ ስፓቱላ፣ ግራይንደር፣ የናይሎን መፈተጊያ፣ ነጭ አቡጀዲ፣ የኢፖክሲው የራሱ ቲነር፣ መስፈሪያ ምልክት ያላቸው ኩባያዎች፣ ፕላስተር፣ የኬሚካል ጓንት፣ መነጽርና ማጣሪያ ያለው የአቧራ ጭምብል። አፍ ላይ ሻሽ ማሰር የአንቲፋውሊንግ አቧራ አያስቆምም። የቲነር ሽታ ላለበት ሥራ ደግሞ የአቧራ ጭምብል ራሱ አይበቃም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ይፈለጋል።

ከመፋቅ በፊት ማንበብ

ጀልባው እንደ ወጣ አልጌው ሳይደርቅ እጠቡት። እርጥቡ ዝልግልግ በብሩሽና በውኃ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ፀሐይ ካገኘው ግን እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ከታጠበ በኋላ መፋቂያውን ከማንሳታችሁ በፊት አሮጌው ቀለም የሚናገረውን ስሙ።

ላሜራው ላይ በብየዳ መስመር የተሰለፉ ቡግንጆች ካሉ ያኔ የብየዳው ቅርሻ ሳይጸዳ ነው የተቀባው። ቀለሙ በሰፊ ቁራጭ ተላጦ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ብረት ካሳየ ብረቱ ቅባት ነበረው ወይም አልተቧጨረም። የተላጠው ቁራጭ ጀርባው ላይ ቡናማ ዝገት ይዞ ከመጣ ደግሞ ቀለሙ የተቀባው በዝገት ላይ ነው። ቀለሙ በአኖዱ ዙሪያ ብቻ በክብ ከተነሳ የአኖዱ ማግኒዥየም ለዚያ አካል በዝቷል። ከፕሮፔለሩ ምላስ ጫፍ ብቻ ከሄደ አረፋው ነው፤ የቀለም ጥፋት አይደለም።

ነሐስና ናስ ላይ የብረቱን የራሱን መልክ ተመልከቱ። ቢጫው ወደ ሐምራዊ ሮዝ ከተለወጠ ናሱ ውስጥ የነበረው ዚንክ ወጥቶ ባዶ መዳብ ቀርቷል ማለት ነው። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ የተበላው ዱብ ይላል። እንዲህ ያለውን ፕሮፔለር ቀለም አያድነውም፤ ይቀየር።

ሻፍቱ ወደ ጀልባው የሚገባበት ላይ የናይሎን ክር ካለ አሁኑኑ በቢላ አውጡት። ክሩ ሙቀት ሲያገኝ ቀልጦ ውኃ መከላከያውን ይቆርጣል።

አሮጌውን ማንሳት

ሁሉም ቀለም መነሳት የለበትም። ደህና በሚመስለው ላይ በቢላ እስከ ብረቱ የሚደርሱ ስድስት መስመሮች በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ጫሩ፤ በላያቸው ሌሎች ስድስት አቋርጡ። ጠንካራ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ምዘዙት። ከካሬዎቹ ጥቂት ጠርዞች ብቻ ከተነሱ የቆየውን በ80 ቁጥር ቧጭሮ በላዩ መቀባት ይቻላል። ካሬዎቹ እንዳሉ ከመጡ ሁሉም ይነሳ።

አንድ ሌላ ፈተና አለ፣ ብዙዎች የሚዘሉት። በቲነር የተነከረ አቡጀዲ አሮጌው ቀለም ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይዛችሁ አሹ። ቀለሙ ከለሰለሰና ጨርቁን ከበከለ አንድ ጣሳ የሆነ ተራ ቀለም ነው፤ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ በላዩ ከተቀባ ይኮማተራል። በአንቲረስት ላይ ኢፖክሲ ደርቦ ሲሸበሸብ «ኢፖክሲው መጥፎ ነው» የሚባለው አብዛኛው በዚህ ነው።

አንቲፋውሊንግን በደረቁ አትፈትጉ። አቧራው መርዝ ነው፤ ዕድሜው የማይታወቅ ቀለም ደግሞ እርሳስ ወይም ቲን (ቆርቆሮ) ሊኖረው ይችላል። ውኃ እያርከፈከፋችሁ በስፓቱላ ግፉ፣ የቀረውን በእርጥብ 80 ቁጥር ፈትጉ። በእሳት ወይም በሙቀት ማራገቢያ ማቃጠል አይገባም፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። የኬሚካል ማንሻ ጄል ለትንንሽ የነሐስ ክፍሎች ይመቻል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቀብታችሁ ፕላስቲክ አልብሱት፤ እስኪያብጥ ጠብቁና ግፉ። አካሉ ፋይበር ግላስ ከሆነ ግን ጄሉ እዚያ እንዳይደርስ በፕላስተር ከልሉ፤ ፋይበሩንም ይበላዋል።

ላሜራ ላይ ግራይንደር ስትይዙ ልብ በሉ። ሽቦ ብሩሽ ዝገትን ከማንሳት ይልቅ ይወለውለዋል፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ዝገት ይቀራል፤ ዓይን ያታልላል፣ ቀለም ግን አይይዘውም። በሽቦ ከጀመራችሁ በ60 ወይም በ80 ቁጥር ጨርሱት፤ ብረቱ ግራጫና ሸካራ ሆኖ መታየት አለበት። ዲስኩን አንድ ቦታ ላይ አትጫኑ፤ ሰማያዊ ሆኖ ከጋለ ላሜራው እየሳሳ ነው። የዝገት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁር ፍርፋሪ በሹል መዶሻና በትንሽ ብሩሽ ካልወጣ ቀለሙ መጀመሪያ የሚነሳው እዚያ ነው። ላሜራው በመዶሻ ሲመታ ከሰረጎደ ወይም ከተበሳ ሥራው ወደ በያጅ ያልፋል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ሁለቱም ሽቦ ይነቀል፤ የብየዳው መልስ ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ እንጂ በሻፍትና በኩሽኔታ በኩል እንዳያልፍ።

አሉሚኒየም ላይ የብረት ሽቦ ብሩሽ አይነካም። ተራ ብረት ላይ የዋለ ብርጭቆ ወረቀትም አይውልበትም፤ የተሰካችው የብረት ቅንጣት በኋላ የዝገት ነጥብ ትሆናለች። አዲስ ወረቀትና የናይሎን መፈተጊያ ብቻ።

ሸራው ላይ የተጠራቀመውን ዝቃጭ ውኃው እስኪተን ተዉት፤ ከዚያ ፕላስቲክ በተደረገበት የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ጠርጋችሁ እሰሩት። ምንነቱን ነግራችሁ ለከተማው ቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡ። ዳርቻ ላይ መቅበር በሚቀጥለው መስከረም ሐይቁ ሲሞላ መልሶ መክተት ነው።

ቅባት፣ ጠርዝና ጉድጓድ

ቅባት በመፋቅ አይጠፋም፤ ይሰራጫል እንጂ። ስለዚህ ከመፈተጋችሁ በፊትም በኋላም በቲነር ጥረጉ፦ በአንዱ እጅ እርጥብ አቡጀዲ፣ በሌላው ደረቅ፤ እርጥቡ ያነሳውን ደረቁ ሳይተን ይወስዳል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ርጩበት፤ ውኃው እንደ ወረቀት ተዘርግቶ ከወረደ ጸድቷል፣ ጠብታ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት።

ሹል ጠርዞችን በሞረድ አድቡልቡሉ፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መዞር ይበቃል። ቀለም ሲደርቅ ከሹል ጠርዝ ስለሚሸሽ መሪዎች ሁሉ መዝገት የሚጀምሩት በጫፋቸው ነው። ጉድጓድ የሚሞላው ከመጀመሪያው የኢፖክሲ ዙር በኋላ በኢፖክሲ ስቱኮ ነው። የመኪና ቦዲ ስቱኮ ርካሽ ቢሆንም ውኃ ይመጥጣል፤ ውኃ ውስጥ ቦታ የለውም።

ኢፖክሲው

የተጸዳ ላሜራ በአራት ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ዙር ማግኘት አለበት፤ አሉሚኒየም ደግሞ ኦክሳይዱ ወዲያው ስለሚመለስ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ስለዚህ በአንድ ቀን ልትቀቡት ከምትችሉት በላይ አትፋቁ።

የባሕር ዳር አየር ሁለት ወጥመድ አለው። ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በታኅሣሥና በጥር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ተራው ኢፖክሲ በዚያ ሙቀት መድረቁን ያቆማል። ጠዋት ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለ ብረት ጤዛ ይይዛል። ብረቱ ከጤዛ ነጥቡ (ጤዛ መያዝ ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ 3 ዲግሪ መሞቅ አለበት። መለኪያ ከሌላችሁ በእርጥብ ጨርቅ መዳፍ የሚያህል ቦታ አርጥቡ፤ በ15 ደቂቃ ካልደረቀ አትቀቡ። በጥላ ያለውን ጎን ለብቻው ፈትኑት። በአብዛኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይመቻል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አቧራ ያመጣል። ከ9 ሰዓት በኋላ የተቀባው ሳይጠና ጤዛ ያገኘዋል።

ሁለቱን ጣሳ ለየብቻ ከሥር አማስሉ፤ ከባዱ ነገር ከታች ተቀምጧል። የሚቀላቀለው ጣሳው በሚለው መጠን ብቻ ነው፤ 4 ለ 1 ካለ በኩባያ ስፈሩት። ማጠንከሪያ መጨመር መድረቁን አያፋጥንም፤ የተረፈው ማጠንከሪያ የሚገናኘው አጥቶ ቀለሙን ለስላሳ ያደርገዋል። በአንድ ጊዜ 200 ወይም 300 ሚሊ ሊትር ብቻ አዘጋጁ፤ ብዙ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ራሱን ያሞቅና ጣሳው ውስጥ ይጠነክራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የምትሠሩበት ጊዜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። እንደ ሽሮ መወፈር ከጀመረ ቲነር ጨምሮ ማዳን የለም፤ ይጣላል።

መጀመሪያ ጠርዙን፣ ብየዳውንና የቡሎን ዙሪያውን በብሩሽ ብቻ ቀቡ፤ ከዚያ ሁሉንም በብሩሽ ወይም በሩሎ። የመጀመሪያው ዙር አምራቹ እስከሚፈቅደው ድረስ ሊቀጥን ይችላል። ለላሜራ ሦስት ዙር፣ በጠቅላላው 300 ማይክሮን ገደማ ይድረስ። ግራጫና ቀይ እያፈራረቃችሁ ብትቀቡ ያመለጠው ቦታ ራሱ ይታያል። የውፍረት ማበጠሪያ (የእርጥብ ቀለም ውፍረት የሚለካ ጥርሳም መለኪያ) ከሌላችሁ ያለቀውን ሊትር ቀድማችሁ ካሰላችሁት ጋር አስተያዩ፤ ቀለም ከተረፋችሁ ቀጭን ነው የቀባችሁት።

ነሐስና አሉሚኒየም አሲድ ያለበት ቀጭን ፕራይመር ቀድሞ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ይህ ፕራይመር ብረቱ እስኪታይበት ድረስ መሳሳት አለበት፤ ከወፈረ ራሱ ይላጣል። በላዩ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ መቀባት የሚቻለው አምራቹ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ሌሊት እርጥበት ያገኘው ኢፖክሲ ጠዋት ላይ ሲዳሰስ ሰም የመሰለ ቅባት ሊያወጣ ይችላል። ቀጥታ ብርጭቆ ወረቀት ካሳረፋችሁበት ቅባቱን ታስገቡታላችሁ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አጽዱ፣ ከዚያ ፈትጉ።

ቆዳ ላይ የነካ ኢፖክሲ በቲነር አይታጠብም፤ ቲነሩ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በምግብ ዘይት ጥረጉትና በሳሙና ታጠቡ። ኢፖክሲ አንዴ ቆዳ ካስቆጣ ሁልጊዜ ያስቆጣል።

ከውኃ በላይ የሚቀረው የመሪው ክፍል ሌላ ነገር ይፈልጋል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ኢፖክሲን ዱቄት ያደርገዋል፤ እዚያ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፀሐይ የሚችል ቀለም ይደረብ።

አንቲፋውሊንጉ፣ ካስፈለገ

በየቀኑ ለሚሠራና ሥሩ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በጨርቅ ለሚጠረግ ጀልባ ሦስተኛው የኢፖክሲ ዙር መጨረሻው ቢሆን ይመረጣል። ለስላሳ ኢፖክሲ ላይ የያዘ አልጌ በእጅ ይለቃል፤ ውኃውም መዳብ አይገባበትም። ብዙ ለሚቆም የላሜራ ጀልባ ግን ቀለሙ ጥቅም አለው።

ጊዜውን መያዝ ዋናው ጥበብ ነው። የመጨረሻው የኢፖክሲ ዙር ላይ አውራ ጣት ሲጫን ምልክት ይተው፣ ጣቱ ላይ ግን ቀለም አይምጣ፤ የአንቲፋውሊንጉ መጀመሪያ ዙር ያኔ ይቀባ። ሁለቱ አብረው ይያያዛሉ። ኢፖክሲው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በ120 ቁጥር ሳይቧጨር አይያዝም፤ ከወር በኋላ በሰፊው ይላጣል።

የመዳቡ ዱቄት ከባድ ስለሆነ ጣሳውን ከሥር በእንጨት አማስሉ፤ እየቀባችሁም መልሳችሁ አማስሉ። ካልሆነ የመጀመሪያው ጎን ውኃ፣ የመጨረሻው ጎን ጭቃ ይቀባል። አታቅጥኑት። ሁለት ዙር ለሁሉም፣ በመሪው ፊተኛ ጠርዝና በውኃ መስመሩ አካባቢ ሦስተኛ ጨምሩ፤ እዚያ ውኃውም ይበላል፣ ብርሃኑም አልጌ ያበቅላል። ስሙ የተፋቀ ወይም ጽሑፉ የማይነበብ ጣሳ አትግዙ፤ ቲን ያላቸው ቀለሞች በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣውና በ2008 በጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከሉ ናቸው። አሉሚኒየም ላይ መዳብ ኦክሳይድ አይቀባም፤ ኢፖክሲውን ብቻ መተው ነው።

መዳብ የተቀባ አካል በሸካራ ብሩሽ አይፈተግም። ብሩሹ ቀለሙን ያጥባል፤ ገንዘባችሁ ወደ ሐይቁ ይሄዳል።

አኖድ

የወደብ ነጋዴ «ዚንክ» ብሎ የሚሸጠው ለባሕር ነው። ጨው በሌለው ውኃ ዚንክ ነጭ ቅርፊት ይሠራና ይተኛል፤ ሙሉ ሆኖ ስላዩት ደህና ይመስላል፣ መሪው ግን ይበላል። ለጣና የሚሆነው ማግኒዥየም ነው። ሁለቱን አንድ ጀልባ ላይ አትቀላቅሉ፤ ማግኒዥየሙ ዚንኩን ሲጠብቅ ያልቃል።

አኖዱ የሚያርፍበት ቦታ እስከ ባዶ ብረት ተፍቆ በንጹሕ ቡሎን ይታሰር። በመልቲሜትር አንዱን ጫፍ አኖዱ ላይ፣ ሌላውን መሪው ላይ አድርጉ፤ ንባቡ ከ1 ኦም በታች ይሁን። መሪው በኩሽኔታና በግሪስ ተለያይቶ ከሆነ ንባቡ ይዘላል፤ ያኔ በገመድ ማገናኘት ወይም ለመሪው የራሱን አኖድ መስጠት ነው። ግማሹ ሲያልቅ ይቀየር። ዓመት ሞልቶ ምንም ያልተነካ አኖድ ካያችሁ ግንኙነቱን ፈልጉ።

ወደ ውኃ መመለስ

ግንዶቹን አዘዋውራችሁ ከሥራቸው የቀረውን ቦታ ሁሉንም ዙር ቀቡ፤ በችኮላ አንድ ዙር ብቻ የተቀቡ አራት ካሬዎች በሚቀጥለው ዓመት አራት የዝገት ካሬዎች ናቸው። በአኖዱ፣ በሻፍቱና በወንፊቱ ላይ የለጠፋችሁትን ፕላስተር አውልቁ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን፣ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያስፈልገውን የማድረቂያ ጊዜ ጠብቁ፤ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ አንድ ቀን ጨምሩ።

ጀልባው ውኃ እንደ ያዘ መጀመሪያ የሻፍቱን መግቢያ እዩ፤ የሻፍቱ መከላከያ የማሸጊያ ገመድ ያለው ከሆነ ሲሽከረከር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ማንጠባጠቡ ትክክል ነው፣ ጨርሶ ከደረቀ ይግላል። ከዚያ ከጭስ ማውጫው ጋር የማቀዝቀዣ ውኃ እየወጣ መሆኑን አረጋግጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥርት ባለ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ መሪውንና አኖዱን በእጅ ዳስሱ፤ አኖዱ ሸካራና የተበላ መስሎ ከተሰማችሁ እየሠራ ነው።